ከወላጆቼ አልጋ የተሠራው ማሽን

ማሽኔ ላይ ዛሬም አንዲት ቋጠሮ ያላት ሲባጎ ተንጠልጥላለች። የዋንዛ ብናኝ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ወደሷ ይሄዳል፤ ያኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አባቴ ከሚሠራበት ዳስ ሥር ራሴን አገኘዋለሁ።

አባቴ አናጢ ነበር። ለደብራችን አትሮኖስ፣ ያ የመጽሐፍ ማስቀመጫ፣ ሊሠራ ተስሎ ገበታውን ካዘጋጀ በኋላ፣ ሐረጉን፣ ያን የተጠላለፈ ጌጥ፣ ሳይቀርጽበት እጁን መንቀጥቀጥ ያዘው። ሌላ ሰው ይጨርስልህ ቢሉት እንቢ አለ፤ ስለቱ የእጁ ሥራ ነበራ።

እኔ ያኔ ከኮሌጅ መመለሴ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን፣ ሲኤንሲ የሚሉትን፣ እንሠራልሃለን ብለን ፎከርን። ሐረጉን አባቴ ይስላል፣ ማሽኑ ይቀርጻል። ሞተሮቹን ከአሮጌ ፕሪንተሮች ፈታን፤ ፍሬሙን ከገበያ ባመጣነው ባህር ዛፍ ገጠምን።

በሳምንቱ ለሙከራ ክብ አዘዝነው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና በሳቅ ፈረሰ።

«እንቁላል ነው እንዴ ያዘዛችሁት?»

ወንድሜ ኮዱን ሲፈትሽ፣ አባቴ ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። ከፍሬሙ አንዱ ጥግ ወደ ትይዩው ጥግ ወጥሮ ልኩ ላይ ቋጠረና በሌሎቹ ሁለት ጥጎች ላይ ወጠራት። ቋጠሮዋ ሁለት ጣት አለፈች።

«ጠሟል» አለ። «እርጥብ እንጨት ነዋ! እስኪደርቅ መች አርፎ ይቀመጥላችኋል?»

ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ስንከተለው አልጋውን እየፈታ ነው!

«ከሠርጋችን ጀምሮ ሲደርቅ የኖረ ዋንዛ ከየት ታገኛላችሁ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «በስተርጅና መሬት ልታስተኙን ነው?» አለች፤ ግን ሳቋ አመለጣትና ፍራሹን ራሷ ጎትታ አነሣችልን። ምን ልበልህ፣ እንደዚያ ቀን ስቀን አናውቅም።

አዲሱ ፍሬም ሲገጠም ሲባጎዋ ከጥግ ጥግ ልክ መጣች። ክቡም ክብ ሆኖ ወጣ፤ እናቴ እልልታውን አቀለጠችው።

አባቴ ሐረጉን በእርሳስ ሳለ። ወንድሜ በስልኩ አንሥቶ ኮምፒውተር ላይ ሲያሳየን ግን፣ መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

«ላቃናው፣ አባ?»

አባቴ አቀርቅሮ እጁን አየ።

«እንዳትነካው!» አልኩ። «ስለቱ የእጁ ነው።»

ማሽኑ ምንም ሳያስቀር ቀረጸው። አባቴ አትሮኖሱን ራሱ ተሸክሞ ወስዶ አስገባ፤ እንደዚያ ቀን ቀና ብሎ ሲራመድ አይቼው አላውቅም።

አሁን እሱ የለም። ለበዓል አገር ቤት ስገባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዲያቆኑ አትሮኖሱን ወደ ብርሃን ያቀርብልኛል። ሐረጉን በጣቴ ቀስ ብዬ እከተለዋለሁ። እናቴ ከጎኔ ሆና «አልጋዬን በላችሁብኝ!» ትለኛለች፤ እየሳቅሁ ጣቴን አላነሣም፣ የእጁ መንቀጥቀጥ እዚያ አለና።