መጠጥ ስተው የተሰጠኝ ጽዋ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አሰላ ውስጥ መጠጥ የተዉ ሰዎች በየወሩ ማኅበር ይጠጣሉ ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አረቄው መረረኝና ከሁሩታ አሰላ ድረስ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ሰብሳቢው ጋሽ ታፈሰ ሙሉ ጽዋ ዘረጉልኝ። አፉን በመዳፌ ከደንኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ የመጣሁት ለመተው ነው።»

ጋሽ ታፈሰ ጽዋውን መልሰው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ብርዝ ነው ልጄ፤ ማርና ውሃ። ጌሾ አልነካውም።»

አፍሬ ጠጣሁ። ስወጣ ደግሞ ባዶውን ጽዋ አስታቀፉኝ፤ የሚቀጥለው ወር ደጋሽ እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ እኔን እኮ ሚስቴ እንኳ ብርጭቆ አምና አትሰጠኝም።»

«ለዚህ ነው ሁልጊዜ ለአዲሱ የምንሰጠው። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው አይሰክርም።»

ሁሩታ ስደርስ ጽዋውን ከፍ አድርጌ ሆን ብዬ በአረቄ ቤቱ በር አለፍኩ። የድሮ ጓደኞቼ «ና ግባ» አሉኝ።

«እናንተ ኑ» አልኳቸው፤ «ተረኛው እኔ ነኝ።»