ከምንጯ ራስ የነበሩት ባህር ዛፎች

አባቴ የሚኖረው ኮሶዬ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጭጋግ የማይለየው ተረተር ላይ። እኔ ጎንደር ከተማ ትዳር ይዤ ልጆች ካፈራሁ ወዲህም ሚኒባስ እየተሳፈርሁ እጠይቀው ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ መመላለሴን አበዛሁት። ከተማ ይዤህ ልግባ ስለው "ብርዱን ለማን ትቼው?" ይለኝና ይስቃል።

ከቤታችን በታች አንዲት ምንጭ አለች። በልጅነቴ በጋ ከክረምት ሳትል ትፈስ ነበር። ከራሷ ላይ፣ በአባቴ መሬት፣ ባህር ዛፍ በረድፍ ቆሞ ነበር። ዛፎቹ እየወፈሩ ሲሄዱ ምንጯ ቀጠነች። መጀመሪያ ግንቦት ላይ ትደርቅ ነበር፤ ኋላ ግን ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ጭቃ ብቻ ትሆን ጀመር።

ምክንያቱን ያላወቀ ሰው አልነበረም። አባቴም ያውቀዋል። የግብርና ባለሙያዎች መጥተው ባህር ዛፍ ውሃ እንዴት እንደሚመጥ አስረዱት፤ ቀበሌው ሰብስቦ መከረው፤ የነፍስ አባቱም ሳይቀሩ አንሥተውበታል። እሱ ሁሉንም በአክብሮት ያዳምጣል፤ "ሸጋ ብላችኋል" ይላል፤ ጠላ ቀድቶ አጠጥቶ ይሸኛቸዋል። ዛፎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። የአገሩ ሰው ለአጣናው ዋጋ ሳስቶ ነው ብሎ ደመደመ።

እኔም በበኩሌ ሞክሬያለሁ። ባህር ዛፉን ነቅሎ ፖም ስለተከለ ሰው እየነገርሁ፣ እንደማይጎዳ እያሰላሁ ላሳምነው ደከምሁ። "እንግዲህ እናያለን" ነበር መልሱ። ተናድጄ ቤቴ ስመለስ ለባለቤቴ አማርራለሁ፤ ባለቤቴም በሰው ግትርነት አብሮኝ ራሱን ይነቀንቃል። እሱ ራሱ ጢሙን የሚላጨው ቧንቧውን እንደከፈተ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ! ስነግረው እሺ ይላል፤ በማግሥቱም ያው ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ውሃ እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ማወቁ ግን እጁን አያዘውም።

እዚያው ኮሶዬ ጎረቤታችን የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሴት ልጃቸው ሩቅ አገር የተዳረችባቸው እናት። ምንጯ ስትደርቅ ሌላው ሰው ውሃ በአህያ ያስመጣል። እሳቸው አህያ የላቸውም፤ ጀሪካናቸውን በጀርባቸው አዝለው ገደል ወርደው ከወንዙ ይቀዳሉ። መንገዱ በእኛ አጥር ሥር ያልፋል። ጧት ጧት አባቴን "እንዴት አደርህ ወንድሜ?" ይሉታል፣ ያልፋሉ። አንድም ቀን ስለ ዛፎቹ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። አባቴ ኋላ እንደነገረኝ፣ የሚያልፉባትን ሰዓት ጠብቆ ቤት መግባት ጀምሮ ነበር።

በዐቢይ ጾም ልጠይቀው ሄጄ ሳለ ግን ደጅ ተቀምጠን አገኙን። ሰላም ብለውን ወረዱ። ፀሐይ ከፍ ብላ ሳይመለሱ ቀሩ። አባቴ ወሬውን ትቶ ቁልቁል ማየት ጀመረ፤ ከዚያ ዱላውን እንኳ ሳያነሣ ብድግ አለ። ተከተልሁት።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ድንጋይ ተደግፈው፣ ጀሪካኑን አጠገባቸው አድርገው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘናቸው።

"ምነው ቆየሽ እቴ?" አላቸው።

ወድቀው እንዳልሆነ፣ ጉልበታቸውን ለማሳረፍ ብቻ እንደተቀመጡ ነገሩት። አባቴ ጀሪካኑን አንሥቶ ተሸከመ። እኔ ልያዝልህ ብለውም አልሰማኝም። ዳገቱን ጀምረን ትንሽ እንደሄድን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ቆመ፤ እንደገና ሄደ፤ እንደገና ቆመ። በየቀኑ እንደዚህ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ታዲያ ውሃ በየቀኑ አይጠጣ ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ጀሪካኑን አወረደና ፊታቸውን ሳያይ ጠየቃቸው።

"ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትቆጪኝ?"

እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ማን እንደተከላቸው አውቃለሁ እኮ" አሉት። "ችግኙን አብሬያት ተሸክሜያለሁ።"

ዛፎቹን የተከለቻቸው እናቴ መሆኗን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የመሬቱ ባለቤት አባቴ ስለሆነ እሱ የተከላቸው ነበር የሚመስለኝ።

አመሻሹ ላይ ሳልጠይቀው አወራልኝ። ጎጆ በወጡበት ዓመት ለቤታቸው ማገር የሚሆን እንጨት አጥተው ብርዱ ፈጅቷቸው ነበር። እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። ልጆቼ እንደዚህ አይበርዳቸውም ብላ ከችግኝ ጣቢያ አምጥታ ተከለች፤ በሬ እንዳይረግጣቸው እሾህ አጠረች።

"ንፋስ ሲመታቸው ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል" አለኝ። "ይህን ለግብርና ሰው እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ?"

የፖሙን ነገር ደግሜ አላነሣሁበትም። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ እሷ ሲያወራ ሰማሁት። እንዲያ ረዝሞ ሲያወራ ከቀብሯ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ማልዶ ወደ ጎረቤታችን ሄደ። ምን እንደተባባሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤትህ ብትኖር ኖሮ ይሄን ዳገት ስወጣ አይታ የምትችል ይመስልሃል፣ መጥረቢያውን ቀድማ የምታነሣው እሷ ነበረች አሉት። አባቴም ብዙ ካሰበ በኋላ እውነትሽን ነው ብሎ ተነሣ።

ከፋሲካ በኋላ ደቦ ተጠራ። ባህር ዛፍ ከሥሩ ካልተነቀለ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ሰዉ ከመጥረቢያው ጋር ዶማ ይዞ መጣ። አባቴ ወደ መጀመሪያው ዛፍ ተጠግቶ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ ቆመ። የማን ተክል እንደሆኑ ሰዉ ሰምቶ ነበርና ማንም አላቻኮለውም። ከዚያ "በሉ" አለና ፈቀቅ አለ። እንጨቱ ግማሹ ለጎረቤታችን ቤት ማደሻ ዋለ፤ የቀረውን የመጣው ሰው ተከፋፈለው። በቦታው ኮሶና ወይራ ተከልን። አጥሩን ያጠረው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም።

በመጀመሪያው በጋ ምንጯ እንደ ልማዷ ደረቀች። አባቴ ስልክ ደውሎ "እንዲያው በከንቱ ቆረጥኋቸው ይሆን?" ሲለኝ ወዲያው ሄድሁ፤ የቻልሁት አብሬው መሰንበት ብቻ ነበር። ተረተሩ ባዶ ሆኖ ንፋሱ ያለ ድምፅ ያልፋል። ያን ሰሞን እንደገና ሐዘን የገባን ያህል ነበር።

በዚያው ሰሞን ግን ከእኛ በላይ መሬት ያለው፣ በስብሰባ ሁሉ ከቀበሌው ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው መጥቶ ጉቶ እንዴት እንደሚነቀል አባቴን ጠየቀው። ማንም ሂድ አላለውም። ዓመት ሳይሞላ የራሱን ረድፍ አነሣ። ምን አሳመነህ ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

"አያ የሚስቱን ዛፍ ከቆረጠ፣ እኔን ምን ይዞኝ?" አለኝ።

ባለሙያዎቹ ይህን ሰምተው አባቴን ለሌላ ቀበሌ ገበሬዎች እንዲያስተምር ወሰዱት። እየተንተባተበ፣ ስለ ውሃ ብዙም እንደማያውቅ፣ እሱ ያየው አንዲት ሴት ዳገት ላይ ስትደክም እንደሆነ ነግሯቸው ተቀመጠ። ባለሙያዎቹን ትንሽ ሳይከፋቸው አልቀረም፤ ገበሬዎቹ ግን ወጥተው ከበቡትና ስለ ሴትዮዋ ጠየቁት አሉ።

ምንጯ ዛሬም እንደ ልጅነቴ አይደለችም። በሁለተኛው በጋ እስከ ፋሲካ ድረስ አንዲት ቀጭን ክር ሆና ዘለቀች፤ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት። ዘንድሮ ስሄድ አባቴንና ጎረቤታችንን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አገኘኋቸው። የአባቴን የምትታለብ ላም እያነሡ ይጨዋወታሉ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አዩና "ገና ነው" አሉት። እሱም ወሬውን ቀጠለ።