ከአፑ ያስወጣኋት ተማሪ

ትናንት ከሰዓት ያደረግኩትን ልንገራችሁ... ስትሰድቡኝ ግን ቀስ ብላችሁ፣ እኔው ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ።

እዚህ ሀርጌሳ ዓርብ ሥራ የለም። ስለዚህ በየዓርቡ ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር የተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ የሀበሻ ልጆች ሰብስቤ አልጀብራ አስጠናለሁ። ሁሉም ኤክስ የሚባል ነገር ያስመረራቸው ናቸው። ስልካቸው ላይ የሒሳብ አፕ ጭኜላቸዋለሁ። ማን እንደገባ፣ ምን ያህል ጥያቄ እንደሠራ፣ ሁሉንም ለእኔ ያሳብቃል።

አብዝቶ የሚያሳብቀው በራሄል ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሰው ቤት ትሠራለች። አፑን በየቀኑ ትከፍታለች... አንድ ጥያቄ ግን አትሠራም።

«በመክፈት ብቻ ቢሆን ራሄል ፕሮፌሰር ነበረች!» እያልኩ አስቅባታለሁ። እሷ አንገቷን ትደፋለች።

ትናንት ሐያት የምትባል አዲስ ልጅ መጣች። ነፃው አፕ ደግሞ ቦታው ውስን ነው፣ «ክፍሉ ሞልቷል» አለኝ። ሳይ «ሰኒ» የምትባል፣ ከጠፋች ወራት ያስቆጠረች ተማሪ አለች። አምና «የክፍሉን ኮድ ለፈለጋችሁት ስጡ» ብያቸው ስለነበር ማን እንዳስገባት አላውቅም። ልጠይቅም አልሞከርኩ።

«ይቺ ሰነፍ ደግሞ ማናት? ቦታ ይዞ የሚተኛ አንፈልግም!» ብዬ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ እያሳየኋቸው አጠፋኋት። ልጆቹ ሳቁ። ሐያት ገባች። እኔም ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፋሁ።

ሁሉም ሲሄዱ ራሄል ቀረች።

«ቲቸር... ሰኒ እኮ እህቴ ናት።»

«እህትሽ ከሆነች ታዲያ ለምን ጠፋች?»

«መቀሌ ናት፣ አክስታችን ጋ። ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። በፊት አብረን ነበር የምንሠራው፣ እሷ ናት የምታስረዳኝ። ስትገባ ስሟ ጎን አረንጓዴ ይበራል... እሱ በርቶ እንደሆነ ለማየት ነው በየቀኑ የምከፍተው።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መልሼ ላስገባት ሞከርኩ። አፑ «ግብዣ ተልኳል» አለኝ። ልጅቷ ከራሷ ስልክ ካልተቀበለች ስሟ ተመልሶ አይመጣም። በየትኛው ኔትወርክ ትቀበል!

«ይቅርታ ራሄልዬ» አልኳት።

«ምንም አይደል ቲቸር፣ አላወቁም እኮ» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ በአንገቷ መድፋት ስቄያለሁ።

ዛሬ ሥራ ቦታ «ተቀብላ ይሆን?» እያልኩ ስልኬን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። አፑ በአስተማሪም የሚያሳብቅ ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ አንድ ጥያቄ ያልሠራ ሰነፍ ብሎ ይመዘግበኝ ነበር።