ማማ ሙኒራ የዋጧት ድንጋይ

ሱመያ የሐርቡ ከተማ ልጅ ናት። ከየመን በእግሯ ድንበር ተሻግራ ዓረብ አገር፣ ጂዛን ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬ ግን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ባይሽ ከተማ ዳርቻ አንድ ቤት ውስጥ ማማ ሙኒራ የሚባሉ አዛውንት ታስታምማለች። ማማ ጆሯቸው ስለደከመ መስሚያ ያደርጋሉ። መስሚያው የሚሠራው የምስር ፍሬ በምታክል ክብ የባትሪ ድንጋይ ሲሆን፣ እሷም በየሳምንቱ ትለወጣለች።

ያለቀችውን ድንጋይ ልብ ብሎ የሚያያት አልነበረም። ሱመያ ወለል ላይ ስታገኛት ከቆሻሻው ጋር ጓሮ ወስዳ በርሜል ውስጥ ታቃጥላታለች፤ አንዳንዴ ጧ ብላ ትፈነዳለች። አገር ቤት ሳለች የአባቷ ሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣው፣ በጥርሷም ትነክሰው ስለነበር፣ ድንጋይ ሰው ይጎዳል ብላ አስባ አታውቅም። ማማ ደግሞ ራሳቸው ሲለውጡ ያለቀችውን የሚጥሏት የጠዋት ክኒናቸው የሚቀመጥበት ሰሐን ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ማማ ደረታቸውን ይዘው ተጣሩ።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ የዛሬው ክኒን አልወርድ አለኝ። እዚህ ጋ ቆሟል።»

ሱመያ ሻይ አቀረበችላቸው፤ ፉት ብለው ተፉት። ዳቦ ብታጎርሳቸውም ያው ሆነ። ሰሐኑን ስታይ የደም ግፊቱ ነጭ ክኒን እንዳለ ተቀምጧል። ማታ የለወጧት ድንጋይ ግን የለችም። አልጋ ሥር ገብታ ፈለገች፣ ፍራሹን ገለበጠች፤ አጣቻት። ያኔ አሠሪዋን፣ የማማን ልጅ አብዱልቃድርን ጠራችው።

«ባባ፣ ማማ የጆሯቸውን ድንጋይ ውጠዋል መሰለኝ።»

«ትንሽ ነገር ናት፣ በራሷ ትወጣለች።»

«ሻይ እንኳን አልወርድ ብሏቸዋል።»

ገብቶ እናቱን አያቸው። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በፎጣ ይጠርጋሉ። «ያላ፣ አልብሻት» አለ።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ማማ የሱመያን እጅ አልለቅ አሉ። ሱመያ መንገዱ ላይ ተፍቲሽ፣ የወታደር ፍተሻ፣ እንዳለ ታውቃለች፤ ወረቀት የሌለው ሰው እዚያ ከተያዘ መመለሻው እስር ቤት፣ ከዚያም አገር ቤት ነው። እጃቸውን ማስለቀቅ ግን አልሆነላትም። ኒቃቧን አጥብቃ ገባች። ፍተሻው ላይ ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ማማ ያቃስታሉ፤ እለፉ አለ።

በራጁ ላይ ድንጋይዋ ጉሮሮ ውስጥ ተሰክታ ታየች። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አወጧት። ሐኪሙ ለአብዱልቃድር ሲነግረው ሱመያም ትሰማለች፤ ያለቀ ድንጋይም ቢሆን ትንሽ ኃይል ይቀረዋል፣ እርጥብ ሥጋ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል። የማማ ጉሮሮ ለብለብ ብሏል እንጂ አልተበሳም።

«ሁለተኛ እንዲህ ሲገጥማችሁ ሻይም ዳቦም አትስጧቸው» አለ ሐኪሙ። «ምንም ሳትቆዩ ይዛችኋቸው ኑ።»

ሱመያ አንገቷን ደፋች። ያጎረሰቻቸው እሷ ነበረች።

ማማ ሾርባ እየጠጡ ከረሙና ዳኑ። አብዱልቃድር መስሚያውን የገዛበት ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ያለቁ ድንጋዮች የሚጠራቀሙበት ሣጥን እንዳለ፣ ከዚያም ብረታቸው ተለይቶ እንደገና ሥራ ላይ ወደሚውልበት ፋብሪካ እንደሚላኩ ነገሩት። ፕላስተር ገዝቶ ተመለሰ።

«በርሜል ኸላስ፣ በቃ» አላት። «ድንጋይ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሁለቱንም ፊቷን በፕላስተር ሸፍኛት፤ እርስ በርስ ከተነካኩ ይግላሉ። ፈሳሽ ያወጣ ካለ ደግሞ ያለ ጓንት እንዳትነኪው።»

ሱመያ ክዳን ያለው ደረቅ ብልቃጥ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። የሪሞቱንም፣ የእጅ ባትሪውንም ድንጋይ እዚያ ታጠራቅማለች፤ ሲሞላ አብዱልቃድር ሱቁ ድረስ ወስዶ ባዶውን ብልቃጥ ይመልስላታል። ማማ ግን ልማዳቸውን ቶሎ አልተዉም። በሳምንቱ ድንጋይዋን እዚያው ሰሐን ላይ ስላገኘቻት፣ ሱመያ ክኒኑን ወደ ወጥ ቤት አዛወረችው። አሁን በእጇ ነው የምትሰጣቸው። «እንደ ሕፃን አደረግሽኝ» ብለው ያኮርፋሉ።

ነገሩን አሐድ አል-መሳርሐ ከተማ ለምትሠራው ጓደኛዋ ለጥሩዬ በስልክ አወራቻት። ጥሩዬ የምትጠብቀው ገና የሚድህ ሕፃን ነው፤ የሚጫወትበት ሪሞት ደግሞ ክዳኑ የላላ ነው።

«ውስጡ ያለው ክብ ድንጋይ ነው?» አለች ሱመያ።

«ቆይ ልየው... አዎ፣ ክብ ነው። ከጆሮ መስሚያው ድንጋይ በጣም ይተልቃል።»

«እሱማ የባሰ ነው፤ የሕፃን ጉሮሮ ላይ ይሰካል። አሁኑኑ ውሰጂበት።»

ጥሩዬ ሪሞቱን ቀምታ ክዳኑን በፕላስተር ጠቀለለችው። ማዳሟ ማታ አይታ ምንድነው ይሄ አለቻት። ስትነግራት ፕላስተሩን እንዳለ ተወችው።