ባሌን ይዤ ዝቋላ የሄድኩበት መጋቢት

እኔ ድሮም እልኸኛ ነኝ። በዚያ የካቲት ጣሊያን ባሌን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ቤታችን አውጥቶ በካሚዮን ጭኖ ሲወስደው ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከተወሰዱት ብዙዎቹ ተገደሉ አሉን። አንዳንዶቹ ደግሞ በመርከብ ባሕር ማዶ ተሻግረዋል ተባለ። እኔ ይህችን ሁለተኛዋን ወሬ ያዝኩ፤ በቃ፣ ሌላ አልሰማም አልኩ።

አብረን የምንኖረው አማቴ ግን በአርባኛው ቀን ፀጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለበሱ። «ልጄ ሞቷል። አንቺም እንደ ሐዘንተኛ ነጠላሽን ዘቅዝቂ» ይሉኛል በየቀኑ።

«እማማ፣ ሬሳውን አይተዋል?»

«አንቺ ድንጋይ!» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንነታረክ ኖርን።

ሰፈሩም ከሳቸው ጋር ወገነ። ባሏ ሞቶ ሐዘን የማትቀመጥ ምን ዓይነት ሴት ናት? እሳት ልጫር ብዬ ስሄድ እንኳ ግቢ የሚለኝ ጠፋ፤ ፍሙን ከደጅ ሰጥተው ይመልሱኛል። ቀን ቀን፣ አሁን ካዛንችስ በምንለው ቦታ ጣሊያን ለሠራተኞቹ በሚያሠራቸው ቤቶች ለግንበኞች ውኃ አመላልስ ነበር። እዚያም የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ማታ ስገባ ደግሞ አማቴና ጥቁራቸው ይጠብቁኛል።

ዓመቱ ሲደርስ አማቴ ከፋሲካ በኋላ ተዝካሩን ሊያወጡ ቆረጡ። ተዝካር ከወጣማ አለቀ፣ ሰውዬው ሞተ ማለት ነው። እኔም ለመጋቢት አቦ ዝቋላ ወጥቼ የክርስትና ስሙን ከሕያዋን ጋር ላስጠራው ተሳልኩ። ታቦቱ ፊት በሕይወት አለ ከተባለ ማን ደፍሮ ይቀብረዋል ብዬ ነዋ! የልጅ ነገር።

የዛሬ ልጆች በመኪና ደርሰው ይመለሳሉ። ያኔ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። የሰፈሬ ሴቶች ጎህ ሲቀድ በቄራ በኩል ተነሡ። አብረሽን ሂጂ ያለኝ የለም፤ ራቅ ብዬ ከኋላ ተከተልኳቸው።

አቃቂ ኬላ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወታደሩ እነሱን አሳልፎ እኔን አስቆመኝ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ለአርበኞች መልእክት ታደርሳለች ይባል ነበር።

«ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ከነሱ ጋር።»

ጮኾ ጠየቃቸው። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ዞር ብላ ደህና አድርጋ አየችኝ። «አናውቃትም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ወታደሩ በሶዬን አፈር ላይ ደፍቶ ፈተሸው። ከዚያ ያችን ፀሐይ እስከ ከሰዓት በኋላ ስሞቃት ዋልኩ። ሲለቀኝ ሴቶቹ ከዓይን ርቀዋል።

ከአቃቂ ወዲያ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። መሬቱ ጥቁር ነው፣ በበጋው ተሰነጣጥቆ እግር ይይዛል። ሁዳዴ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀመስም፤ ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ውኃው ከየት ይምጣ? ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

ብቻዬን ስሆን ባሌን ማነጋገር ልማዴ ነበር። «አየህልኝ የጎረቤትህን ሥራ?» አልኩት። ሁልጊዜ ይመልስልኝ ነበር፤ ማለቴ፣ ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ በራሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አለ። ደግሜ ጠራሁት። ፊቱ ይመጣል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ታገልኩ። ጠፋኝ፣ ጭራሽ ጠፋኝ። ሲወስዱት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

በማግስቱ ተራራውን ወጣሁ። ስም የሚጽፉት ቄስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ የክርስትና ስሙን ነገርኳቸው።

«ከሕያዋን ነው ከሙታን?»

ያ ሁሉ መንገድ ለዚህች አንዲት ቃል ነበር። አፌ ላይ ነበረች እኮ! ግን የአቦን ምድር ረግጬ መዋሸት አቃተኝ።

«ከሙታን» አልኩ።

ቄሱ ቀና እንኳ ሳይሉ ጻፉና የሚቀጥለውን ጠሩ።

ነጠላዬን እዚያው ዘቅዝቄ ለበስኩ። አናውቃትም ያለችው ጎረቤቴ ይህን ስታይ እሪ ብላ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሌሎቹም ከበውኝ አለቀሱ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውኃ አጠጡኝ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ ስንመለስም መሃላቸው አስገብተው ወሰዱኝ። ኬላው ላይ «የኛው ናት» አሉ። ጠላኋቸው። ውኃቸውን ግን ጠጣሁ።

ቂርቆስ ስንደርስ አማቴ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ነጠላዬን ከሩቅ አዩት። «ተመስገን፣ ልብ ገዛሽ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ብድግ አሉ፤ ጥቁር ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡና ትከሻዬን ጨምድደው ያዙኝ። ዓመት ሙሉ ሞቷል ሲሉኝ የኖሩት ሴት ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ። «ልጄ መሞቱን ማን ነገረሽ?»