«ልጸልይበት» ብዬ የሰማሁት ልብ ወለድ

እኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ለትዳር ሲጠይቅ ወዲያው «እሺ» ወይም «እምቢ» አይባልም፤ «ልጸልይበት» ነው የሚባለው። እኔም እንደዚያው አልኩ። የጠየቀኝ ኳየር ውስጥ አብሮኝ የሚዘምር፣ አዲስ ከተማ ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ነው። «ጊዜሽን ውሰጂ» አለኝና ሄደ። በቃ ሄደ! ስልክ የለ፣ መልእክት የለ፤ ልምምድ ላይ ስንገናኝ እንኳ ሰላምታው ከሩቅ ሆነ።

በዚህ መሀል የቢሮ ጓደኛዬ በድምፅ የተተረከ የፍቅር ልብ ወለድ ላከችልኝ። የዘንድሮ ታሪክ ነው፤ ፍቅረኞቹ በስልክ ይጣላሉ፣ በስልክ ይታረቃሉ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ከምኖርበት ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ስሄድና ስመለስ ማድመጥ ጀመርኩ። ወይ ጉድ! ሰውዬው ልጅቷ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ስሟን እየጠራ ይጮኻል። «ይሄ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» እያልኩ እበሽቃለሁ። እኔ መሥሪያ ቤት ቢመጣ ለጥበቃ ነበር የምነግርበት። ደግሞ ተራኪው ያንን ወፍራም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለ አንቺ አልኖርም» ሲል እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ባጃጅ ውስጥ! ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «እህቴ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለኝ።

ቤትም አልተውኩትም። መኝታ ቤት ገብቼ፣ ሻርፔን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አደምጣለሁ። እማዬ የምጸልይ መስሏት ቴሌቪዥኑን ቀነሰችልኝ። ስወጣ ዓይኔ መቅላቱን አይታ «ጌታ ምን አለሽ፣ ልጄ?» አለችኝ። አፈርኩ። ጌታማ ምን ይበለኝ፣ መቼ ጠየቅኩት? ልንበረከክ ስል የሚመጣብኝ ያ ተራኪ ነው። ይሄ የጠየቀኝ ልጅ ቢወደኝ ዝም ይል ነበር? እላለሁ። በር ላይ ቢቆምብኝስ አልጠላውም ነበር? የምፈልገውን ሳላውቅ ሰው እወቅሳለሁ።

ቅዳሜ ከኳየር ልምምድ በኋላ ልጁን ጠርቼው ከተማችን ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። «እስቲ ይህን ስማ» ብዬ አንዱን ማዳመጫ ሰጠሁት። ሰውዬው ቀለበት ገዝቶ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ምንም የማታውቀውን ልጅ እጇን ይዞ የሚያስገባበት ቦታ ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ሙዚቃው ይለቀቃል፤ እኔ ስቅስቅ ብዬ ያለቀስኩበት ነው። ልጁ ግንባሩን ቋጥሮ እስከ መጨረሻው አደመጠ።

«እሺ፣ እሷንስ ማን ጠየቃት?» አለ።

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ሳለቅስ ይሄ አልታየኝም። ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ እንጃ።

«አንተስ ጠይቀህ የት ጠፋህ?» አልኩት።

«እየጸለይሽ መስሎኝ ነዋ!» አለ ደንግጦ። «በአንቺና በጌታ መሀል እንዴት ልግባ? ስልኩን ስንቴ አንስቼ እንዳስቀመጥኩ አትጠይቂኝ።»

እንደ ተራኪው ወፍራም ድምፅ የለውም፤ ልቤ ግን መታ። ፍቅር ይሁን ሐዘኔታ፣ ወይስ ያ ልብ ወለድ አበላሽቶኝ ይሁን፣ መለየት አቃተኝ።

«ታዲያ መልስሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ገና አልጸለይኩም። ዛሬ እጀምራለሁ።»

«እሺ» ብሎ ተነሣ፣ እንደገና ሊጠፋ።

«አንተ!» አልኩት። «እየጸለይኩም ቢሆን ደውል።»