ሐይቅ አይደለም፣ ሃይክ ነው

ስምንት ቀን ለመዝናናት በእግሬ ተጓዝኩ ብሎ ለእኛ ሰዎች መጻፍ ያሳፍራል። ከመካከላችን ሌላ ምርጫ አጥቶ ወራት ሙሉ በእግሩ የሄደ ስንት ሰው አለ። እነሱ ያላወሩትን እኔ ምን ብዬ አወራለሁ? ይህን እያሰብኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። በሦስተኛው ግን ልጨርሰው ወሰንኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን እምቢ ያልኩበት ጉዞ ነውና።

አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ላንግሊ ፓርክ ነው። አስተማሪ አንድ ገጽ ሲጠይቅ ሁለት የምጽፍ፣ እናቴ "ሳይመሽ ግቢ" ስትል ገና በፀሐይ ቤት የምገኝ ልጅ ነኝ። የተራራ ጉዞ የሚወዱ ተማሪዎች ፈተና እንዳለቀ ክሪት ወደምትባል የግሪክ ደሴት ሊሄዱ መሆናቸውን ስሰማ ግን ማንንም ሳላማክር ተመዘገብኩ።

ለእናቴ የነገርኳት አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ነበር።

"እማ፣ ፈተና ሲያልቅ ከተማሪዎች ጋር ሃይክ ልሄድ ነው።"

"ሐይቅ?" ፊቷ በራ። "ሂጂ እንጂ! ጭንቅላትሽ ይረፍ። ግን አንቺ መች ዋና ትችያለሽ?"

እዚያው ላይ ማረም ነበረብኝ። ግን ደስ ብሏት አየሁ፤ ሰው ደስ ሲለው ማቋረጥ ደግሞ አይሆንልኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሳምንቱ ከስቶር ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ገዝታ መጣች፤ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ። ሳሎን ውስጥ አስለብሳኝ ማሰሪያውን እስከ አገጬ ድረስ ጠበቅ አደረገችው። አሁንም አላረምኳትም።

በዚያው ሰሞን ልምምድ ጀምሬ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ከረጢት ጤፍ እከትና ከቤታችን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ችግሩ፣ እኛ ሰፈር ቦርሳ ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ሐበሻ የታየ እንደሆነ መኪናው ተበላሽቶበት ነው ተብሎ ይታዘንለታል። አንድ ቀን የሕንፃችን ነዋሪ የሆኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለታክሲ አጠገቤ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ? ራይድ አጣሽ?"

"አይ ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ነኝ።"

"ጀርባሽ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ጤፍ ነው።"

"ጤፍ አዝለሽ፣ በአደባባይ! ያየ ሰው እናትሽን ምን ይላታል? ግቢ ላድርስሽ።"

"በእግሬ መሄድ ስለምፈልግ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደሴት ላይ ተራራ ልንወጣ ነው።"

"ወይ ጉድ! እኛ ከእግር ጉዞ ለመገላገል አሜሪካ መጣን፤ አንቺ ደግሞ ለመራመድ አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ። የት ነው ደሴቱ?"

"ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው።"

ሳቃቸው ቆመ። "እናትሽ ታውቃለች?"

የቦርሳዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ። "ዛሬውኑ ንገሪያት፤ ከሰው አትስማ" አሉኝና ሄዱ።

ጋሼ ታሪካችንን ያውቃሉ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከሊቢያ በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ጣሊያን ሲሻገር ባሕሩ ላይ ቀርቷል። አስከሬኑ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ሜዲትራኒያን የሚባል ስም አይጠራም፤ "ያ ውሃ" ነው የሚባለው።

ያን ዕለት ማታ ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት።

"እማ፣ ሐይቅ አይደለም፣ ሃይክ ነው። ተራራ ነው የምንወጣው።"

"ተራራ?" ሳቀች። "ታዲያ ምን አስፈራሽ? ጃኬቱን እመልሰዋለኋ።"

"ተራራው ደሴት ላይ ነው። ደሴቱ ደግሞ... ያ ውሃ መሃል ነው።"

በእጇ የያዘችውን ፎጣ ማጠፏን አላቆመችም። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

"አትሄጂም።"

"እሄዳለሁ።"

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

"ያ ውሃ ምን እንዳደረገን እያወቅሽ?"

"አውቃለሁ። እሱን ወሰደ። አንቺን ስሙን እንዳትጠሪ አደረገሽ። አሁን ደግሞ እኔን እቤት ሊያስቀምጠኝ ነው? እሱን ያላስገቡት አገሮች እኔን በአሜሪካ ፓስፖርቴ ያስገቡኛል። በሩ ለእኔ ከተከፈተ፣ እኔው ራሴ አልዘጋውም።"

ወደ ጓዳ ገባች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር። ላይፍ ጃኬቱን ይዛ ተመለሰች።

"እንግዲያው ይሄን ይዘሽ ሂጂ።"

"አልይዝም።"

"ለእኔ ስትይ!"

"ለአንቺ ስል ያላደረግኩት የለም፣ እማ። ይሄን ግን አልይዝም። የምሄደው ልራመድ እንጂ ልሰምጥ አይደለም።"

ጃኬቱን ሶፋው ላይ ጥላው ተኛች። በመሄጃዬ ቀን ኤርፖርት ያደረሱኝ ጋሼ ናቸው። "መራመድ ከሰለቸሽ ደውይልኝ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ" አሉኝ። ሌላ ማንም ሰው አልሸኘኝም።

ደሴቷ ድንጋያማ ናት። በቀጭን መንገድ ስንወጣ ስንወርድ ዋልን፤ ጫማችን የረገጠው ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። በሁለተኛው ቀን እግሬ ውሃ ቋጠረ። የቡድኑ መሪ የሆነችው የደሴቷ ተወላጅ ቦርሳሽን ልያዝልሽ ብትለኝ፣ ጤፍ የለመደ ጀርባ ነው ብዬ እምቢ አልኳት። ምን እንዳልኩ አልገባትም። ማታ ማታ ለእናቴ እደውላለሁ፤ አታነሳም። ጧት ተነስቼ ጫማዬን አስራለሁ። አንድም ቀን መመለስ አላማረኝም፤ አማረኝ ብል ውሸት ይሆናል።

በስምንተኛው ቀን በጠባብ ሸለቆ ወርደን ከባሕሩ ደረስን። የደቡቡ ዳርቻ ነው። መሪያችን ካርታውን አሳየችኝ፤ ውሃው የሊቢያ ባሕር ይባላል። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩና በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ጋ ጧት ነበር። አነሳች።

"እማ፣ እዪ።" ስልኩን አዞርኩት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው። ማዶው ሊቢያ ነው።"

"ሰማያዊ ነው" አለች፤ የምትከሰው ይመስል ነበር። "እኔ እኮ ጥቁር ነበር የሚመስለኝ።" ወዲያው ደግሞ፣ "አንቺ የት ነሽ? ውሃው ውስጥ አትግቢ!"

"እግሬን ነክሬያለሁ።"

"አንቺ ደረቅ!"

"ቁስሌን ያደርቀዋል፣ እማ። ጨው ነው።"

"ስልኩን ወደሱ አድርገሽ ያዢው።"

ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩት። የወንድሟን ስም አንድ ጊዜ ጮክ ብላ ጠራችው። አልዞርኩም፤ ክንዴ እስኪዝል እንደያዝኩ ቆምኩ።

"በቃ" አለች በመጨረሻ። "መንገድሽን ጨርሺና ነዪ።"

ከተመለስኩ በኋላ፣ ሰኔ ሰባት ቀን ቅዳሜ፣ ላይፍ ጃኬቱን ይዘን አብረን ስቶር ሄድን። የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተቆረጠም ነበር። ሻጩ የምትመልሱበት ምክንያት ምንድነው ብሎ ጠየቀ። እኔ በእንግሊዝኛ ልመልስለት ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ፤ ቀና ብላ በራሷ እንግሊዝኛ፣ "ልጄ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች" አለችው።